የሐኪሙ ቀይ ብልቃጥ

እህቱ በማለዳ ዶሮ ታቅፋ አልጋው ድረስ መጣች። የምታንኳኳው በር አልነበረም፤ ወንድሟ የሚተኛው ከማድ ቤቱ በመጋረጃ በተከለለች ጥግ፣ እግሩን ሲዘረጋ የጋዙን ሲሊንደር በሚነካባት ጠባብ አልጋ ላይ ነው። ገብስማዋን ዶሮ በግራ ብብቷ ሸጉጣ፣ አንገቷን በቀኝ መዳፏ ደግፋ፣ ልክ ውስጥ የተኛውን አራስ የልጅ ልጇን እንደምትይዘው ነበር የያዘቻት። "ሐኪሙ፣ ተነሥ እስቲ፤ ይቺን ልጅ እይልኝ። አናቷ ምን ሆኖ ነው?" አለችው። ዓይኑን እያሻሸ ተነሣና አምፖሉን አበራ።

ሐኪም የተባለው ሕክምና ስለተማረ አይደለም። ዶሮ ተራ ውስጥ ከጭነት መኪና የሚወርዱትን ዶሮዎች እየለየ ለገዢ የሚያሰናዳው እሱ ስለሆነ ተሸካሚዎቹ ለቀልድ ያወጡለት ስም ነው። እሱ ደግሞ ስሙን ወደ ቤት ይዞት ሲመጣ ቀልዱን እዚያው ገበያው ውስጥ ትቶት መጣ። እህቱም አመነችው። ለምን አታምነው? ዓመታት ሙሉ ሥራ ፈትቶ፣ ከሷ ጓዳ እየበላ፣ ዘመድ ሲመጣ በጓሮ በኩል ሹልክ እያለ የኖረ ወንድሟ አንድ ቀን "የዶሮዎቹን ጤና የማየው እኔ ነኝ" ብሎ ሲነግራት በደስታ አልቅሳለች። ከዚያ ወዲህ "ወንድሜ እኮ የዶሮ ሐኪም ነው" ስትል ያልሰማት የሰፈር ሰው የለም። "ሰው ሆነልኝ" ትላለች፣ ደረቷን ነፋ አድርጋ። እንዲህ ያለውን ነገር በማግስቱ ካላረሙት በወሩ ማረም ይከብዳል፤ ሲሰነብት ደግሞ ባለቤቱ ራሱ ማመን ይጀምራል። ሐኪሙም አንዳንዴ፣ በተለይ እህቱ በሰው ፊት ስትጠራው፣ ያምን ነበር።

ዶሮዋን ተቀብሎ ወደ አምፖሉ አስጠጋት። አናቷ ላይ የሚቆመው ቀይ ሥጋ፣ የገበያው ሰዎች ቁንጮ የሚሉት፣ በር እንደቀጠቀጠው ጥፍር ጠቁሯል። በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ለቀቀው፤ ደሙ ተመልሶ አልቀላም። ትምህርት ባይኖረውም ዓይን አለው። ቁንጮ ከነጣ ደም የሚመጥ ተባይ ወይም የሆድ ትል ነው፤ ዱቄት የተነፋበት ከመሰለ የቆዳ በሽታ ነው፤ ጥቁር ቅርፊት ካወጣ ፈንጣጣ ነው፤ ጫፉ ብቻ ጠቁሮ ዶሮዋ ጥሬ የምትለቅም ከሆነ ብርድ መቷታል፣ ትድናለች። ይቺ ግን ጥሬውን ትታለች። ፊቷ አብጧል፣ አንድ ዓይኗ ተጣብቋል፣ ጥቁረቱ ከአናቷ አልፎ ከመንቆሯ ሥር እስከተንጠለጠለው ሥጋ ወርዷል፤ በእህቱ ቀሚስ ላይም አረንጓዴ ኩስ ለቃለች። ይህንኑ መልክ ባለፈው ሳምንት አይቶታል። ከአንድ መኪና የወረዱ ዶሮዎች በሙሉ እንዲህ ነበሩ። ግማሾቹ አድረው ሞቱ፣ የቀሩት ተሸጡ።

"ሌሎቹስ?" አላት።

"ሁለቱን ጀማምሯቸዋል። ቀይዋ ብቻ ናት ደህና የምትመስለው።"

ተያይዘው ወደ ጓሮ ወጡ። ጓሮው ጓሮ ከተባለ፣ በሲሚንቶ አጥርና በውሃ በርሜሉ መሐል ያለች፣ ልብስ ሲሰጣ ጎንበስ ብለው የሚያልፉባት ቦታ ናት። በአሮጌ ቆርቆሮ የተሠራው የዶሮ ቤት አጥሩን ተደግፎ ቆሟል፤ ከደጁም አንድ የእንጨት ሳጥን አለ። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ሳጥኑን አየው። ያመጣው እሱ ራሱ ነው። እህቱ "ይቺ ዶሮ ልትታቀፍልኝ ነው፤ ጎጆ የሚሆናት ነገር ባገኝ" ስትል ሰምቶ፣ ከገበያ አንድ ባዶ የዶሮ ሳጥን በጀርባው ተሸክሞ መጣ። አላጠበውም፤ በሥሩ የተጋገረውን ኩስ በእንጨት ፈቅፈቅ አድርጎ ጭድ አነጠፈበት። ያኔ እህቱ "እኔን! እንዴት ያለ አሳቢ ነህ" ብላ ግንባሩን ሳመችው። ሳጥኑ ከየትኛው ጭነት እንደተራረፈ ያኔ አላሰበውም። አሁን አሰበው።

"ምንድነው ታዲያ?" አለች እህቱ ዓይን ዓይኑን እያየች።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ። ያየውን ቢናገር "ከየት መጣ?" ልትለው ነው። ከየት እንደመጣ ቢናገር "እንዲህ ያለ የታመመ ዶሮ ገበያችሁ ውስጥ ምን ይሠራል? አንተስ ሐኪሙ ምን ትሠራለህ?" ልትል ነው። አንዱ ክር ሲሳብ ሹራቡ በሙሉ ሊተረተር ነው። "ብርድ ነው" አላት። "ብርድ መቷቸዋል። ሙቀት ካገኙ ይተዋቸዋል።" እህቱ እፎይ አለች። ትከሻዋ ሲወርድ ታየው፤ እሱም ለአፍታ ያህል በእውነት ያዳናቸው መሰለው።

ዶሮዎቹ ለዚያ ቤት ጌጥ አልነበሩም። እንቁላል ከቀን ወደ ቀን በሚወደድበት በዚህ ጊዜ፣ ጥግ ላይ ያለው ዳቦ ቤት ከእህቱ ነው የሚወስደው፤ የሕፃኑ ወተትና የመብራቱ ሒሳብ ከዚያው ይወጣል። ልጇ ለመውለድ ወደ እናቷ ከመጣች ወዲህ ባሏ ድምፁ ጠፍቷል፤ ስልኩ ይጠራል፣ አይነሣም። ስለ እሱ በቤቱ ውስጥ ማንም አይናገርም። እናት ስትገባ ልጅ ስልኳን ትገለብጣለች፣ እናትም ያላየች ትመስላለች። በዚያ ጠዋት ሦስቱም ሻይ ሲጠጡ ሕፃኑ ይጠባ ነበር። ሕፃኑ ገና ስም አልወጣለትም፤ አባቱ ሲመጣ ይወጣለታል ተብሎ ነው።

"ጋሼ፣ ካፖርትዎን ይተዉት ዛሬ" አለች የእህቱ ልጅ፣ አፍንጫዋን ሸፈን አድርጋ እየሳቀች። "ሲገቡ ሕፃኑን ያስነጥሰዋል።"

"አውልቀው፣ አጥበዋለሁ" አለች እህቱም። አውልቆ ሰጣትና በሹራብ ወጣ። ልቡ ሳጥኑ ላይ ስለነበር ኪሱን አልፈተሸም።

ዶሮ ተራ ሲደርስ መኪናው ቀድሞት ቆሟል። የሱቁ ባለቤት በር ላይ ቆሞ፣ የመጣውን "እናቴ"፣ ያለፈውን "ጌታዬ" ይላል። ገበያው አፈ ቅቤ ብሎታል፤ የተረቱን ሁለተኛ ግማሽ፣ ልበ ጩቤ የሚለውን፣ ሁሉም በሆዱ ይሞላዋል። ሱቁ ከፊት ነጭ ሰሌዳና ሚዛን ያለው ንጹሕ ክፍል ነው፤ ከኋላ ግን አንድ መጋረጃ አልፎ የሐኪሙ ቦታ አለ። አንድ አምፖል፣ አንድ ባልዲ፣ አንድ ዝቅተኛ ወንበር። ዶሮዎቹ እግራቸው እየታሰረ እዚያ ይደረደራሉ። ሐኪሙ አንድ በአንድ ጭኑ ላይ ያስቀምጣል፤ ዓይናቸውን በእርጥብ ጨርቅ ያብሳል፣ የቆሸሸ ላባቸውን ይነቅላል፤ ከዚያ ከትንሽ ብልቃጥ ውስጥ በጥጥ እየነከረ ቁንጮአቸውን ይቀባል። በብልቃጡ ያለው በዘይት የተበጠበጠ የኬክ ቀለም ነው። የነጣውም፣ ቅርፊት ያወጣውም፣ የጠቆረውም ደረጃው ይለያይ እንጂ ሁሉም ይቀላል፤ የጠቆረው ሁለቴ መደረብ ይፈልጋል። ገዢ ዶሮ ሲገዛ ደረቷን ዳብሶ ቁንጮዋን ያያል፤ ቀይ ከሆነ ጤነኛ ናት ብሎ ይከፍላል። ሐኪሙ ሕመሙን የሚለየው ሊሸፍነው ነው። ሥራው ይኸው ነው።

ያን ቀን ለመጀመር ወደ ደረቱ ኪስ እጁን ሲሰድ ኪስ የለም። ብልቃጡ ካፖርቱ ውስጥ ቀርቷል። "ሐኪም መርፌውን ረስቶ ይመጣል?" አለ አፈ ቅቤ፤ ተሸካሚዎቹ ሳቁ። ከትልቁ ጠርሙስ በሌላ ብልቃጥ ቀድቶ ሰጠው። ከጭነቱ ውስጥ ፊታቸው ያበጠ፣ አንገታቸውን ያጠፉ አሉበት። ሐኪሙ ለይቶ ወደ ግድግዳው አስጠጋቸው። "እነዚህ ባይሸጡ ይሻላል" አለ ቀስ ብሎ። አፈ ቅቤ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ አያቸውና "አንተ የማየት ነው እንጂ የመፍረድ ሥራ የለህም፣ ወንድሜ" አለው፣ ለስለስ አድርጎ። "መጀመሪያ እነሱን ጨርስ፤ ቶሎ ይሂዱ።" ሐኪሙ እነሱን ቀባ። እያንዳንዷን ሲቀባ ገብስማዋ ነበር የምትታየው።

እኩለ ቀን አካባቢ ከመጋረጃው ወዲያ የሴት ድምፅ ሰማ። "ሰውዬ፣ ከዚህ የገዛኋቸው ዶሮዎች አለቁ" ትላለች። አትጮህም፤ ለቅሶ አድክሞት እንደመጣ ሰው ነው የምትናገረው። በመጋረጃው ቀዳዳ ሲያይ አጭር፣ ነጠላ ጫማ ያደረገች ሴት ናት፤ በፌስታል የሞተ ዶሮ ይዛለች። "ይሄ ቀለም ምንድነው?" ብላ መዳፏን ዘረጋች። የመዳፏ መስመሮች ቀይ ሆነዋል። አፈ ቅቤ አዘነ፤ ማዘን ያውቅበታል። "እኔን እናቴ! ቀይ ዶሮ እኮ ቀለሟ ይወርዳል፤ ደግሞ ሐኪማችን ራሱ መርምሮ ነው የሰጠሽ። ሐኪሙ! ና ውጣ እስቲ።"

ሐኪሙ እጁን በባልዲው አለቅልቆ ወጣ። ገዢዎች ቆመው ያያሉ። ሴትዮዋ ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

"አንተ ነህ ሐኪሙ?"

"ከዚህ ስትወጣ ደህና ነበረች" አለ። የራሱን ድምፅ ጠላው። "ቤት ውስጥ ብርድ መቷት ይሆናል።"

ጠዋት ያወጣትን ቃል ነው ድጋሚ ያወጣት፤ ዓይኑን ሳያሽ ወጣችለት። ሴትዮዋ ፌስታሉን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። "ሴት ልጄ ትጫወትባቸው ነበር፣ እያቀፈች" አለች። "ይኸው ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ትኩሳት ይዟት ሆስፒታል ተኝታለች፤ ትንፋሽ ያጥራታል። ምን እንደነካት ንገሩን ሲሉኝ ዶሮ አልኳቸው፤ ዶሮው ምን ይመስል ነበር አሉኝ፣ ቀይ ነበር፣ ጤነኛ ነበር አልኩ። ምን ልበል? አንተ ንገረኝ፣ ምን ልበላቸው?" ገንዘብ መልሱልኝ አላለችም፤ የመጣችው ለዚህች ጥያቄ ነበር። ሐኪሙ አፉን ከፈተ። አፈ ቅቤ እጁን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ፣ ጫንም አላደረገው። ሐኪሙ አፉን መልሶ ዘጋ። ሴትዮዋ ፌስታሏን አንሥታ "ዶሮን ሲደልሏት በመጫኛ ጣሏት አሉ" ብላ ወጣች። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ሳቀ፤ ሌላው ግን ዝም በል አለው።

ያኔውኑ ሮጦ ወደ ቤት መሄድ ነበረበት። ውስጡም ይኸንኑ ይነግረው ነበር፤ አራስ ያለበት ቤት ነው፣ ሂድ ይለዋል። ነገር ግን ጭነቱ አላለቀም፣ አለቃውም ከበሩ አልተነቃነቀም፤ ሐኪሙ ደግሞ ዕድሜውን በሙሉ "ልሂድ" ብሎ የሚሄድ ሰው ሆኖ አያውቅም። ተመልሶ ዝቅተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠና የቀሩትን ቀባ። ሲወጣ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። በአውቶቡሱ ውስጥ ቆሞ፣ ለእህቱ የሚነግራትን ሲያሰናዳ ሄደ። በሬዲዮ ከዶሮ ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ገብቷል ተባለ እላታለሁ፤ ሦስቱም ዛሬውኑ ታርደው ይቀበሩ፣ ቀይዋም ትጨመር፣ ሳጥኑም ይቃጠል እላታለሁ። ከየት መጣ ካለችኝ ከነፋሱ፣ ከወፉ። ግማሽ እውነት ነው፤ ለሕፃኑ ግን ግማሹ ይበቃዋል፤ የቀረው ግማሽ የራሴ ገመና ነው። ሲወርድ ቀለል ብሎት ነበር።

ጓሮው ባዶ ነው። ካፖርቱ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል፣ ከጫፉ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። የዶሮ ቤቱ በር ተከፍቷል፤ ሳጥኑም የለም። "ሐኪሙ መጣህ? ና ግባ፣ ና ጉድህን እይ!" የእህቱ ድምፅ ከአራሷ ክፍል መጣ፣ በደስታ የተሞላ። ገባ። መስኮቱ ተዘግቷል፤ በፎጣ ጭምር ተደፍኗል። የኤሌክትሪክ ማሞቂያው፣ ሒሳቡን ፈርተው ለሕፃኑ ማጠቢያ ብቻ የሚያበሩት፣ ቀልቶ ይነዳል። ክፍሉ የወተትና የኩስ ሽታ ተቀላቅሎበታል። ሳጥኑ ከሕፃኑ አልጋ ሥር ተቀምጧል፤ በውስጡ ቀይዋ ሳትቀር በአሮጌ አንሶላ የተጠቀለሉ አራቱም ዶሮዎች አንገታቸውን አቀርቅረው ተደርድረዋል። ቁንጮአቸው ደም የመሰለ ቀይ ነው።

"አንተ ሙቀት ካገኙ ይድናሉ ስላልከኝ አስገባኋቸው" አለች እህቱ፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች። "ካፖርትህን ላጥብ ስል መድኃኒትህን ኪስህ ውስጥ አገኘሁት። እንደምታክማቸው በጥጥ አድርጌ ቀባኋቸው። ወዲያው እኮ ነው! ወዲያው ቀላ! አላልኩሽም?" ብላ ወደ ልጇ ዞረች። "ይኼን ይዞ ነው ዝም የሚለው እኮ። ጎረቤታችንም የሷዎቹ እንዲሁ ሆነውባት ስታለቅስ፣ የተረፈውን ብልቃጥ ሰጠኋት። ስትመርቅህ ብትሰማ!"

ሐኪሙ የአልጋውን ጠርዝ ይዞ ቆመ። ያሰናዳት ግማሽ እውነት ጠፋችበት። "እትዬ፣ እነዚህ ዶሮዎች አሁኑኑ ከዚህ ይውጡ። ታርደው ይቀበሩ" አላት።

"የዳነ ዶሮ ይቀበራል እንዴ?"

"ጋሼ ቀልደኛ ናቸው" አለች የእህቱ ልጅ።

"በሬዲዮ በሽታ ገብቷል አሉ። ወደ ሰው ይተላለፋል።"

"ያ መድኃኒት ለሌላቸው ነዋ!" አለችው እህቱ፤ እየሳቀች ገብስማዋን ከነአንሶላው አንሥታ ወደ ፊቱ አቀረበችለት። "እያት እስቲ። ይቺ የታመመች ትመስላለች? አንተ ሐኪሙ ንገረኝ።"

በዚያች ሰዓት ሐኪሙ እህቱን ከመቼውም ይልቅ ወደዳት፤ ከመቼውም ይልቅ ፈራትም። ሌላ የሚላት ነገር አልቀረውም። በአልጋው ራስጌ ባለው ብርጭቆ ውሃ ውስጥ የሕፃኑን መጥረጊያ ጨርቅ ጫፍ ነከረ፤ ዶሮዋን ሳይቀበላት፣ እህቱ እንደያዘቻት፣ ቁንጮዋን ከሥር ወደ ላይ ጠረገው። ዶሮዋ አልተንፈራገጠችም። ቀዩ ጨርቁ ላይ ቀረ። ከሥሩ ያ የጠዋቱ ጥቁር ሥጋ፣ አሁን እስከ ዓይኗ ተስፋፍቶ፣ ወጣ። ድጋሚ ጠረገ፣ ጨርሶ እስኪለቅ። 

"ቀለም ነው" አላት። "መድኃኒት አይደለም። የኬክ ቀለም ነው። ሥራዬ ይሄ ነው።"

እህቱ ጨርቁን አየች፣ ዶሮዋን አየች። "ሳጥኑስ?" አለች በቀጭኑ። ሞኝ ሴት አልነበረችም፤ የምትወደውን ሰው ማመን ብቻ ነበር ጥፋቷ።

"ሳጥኑም ከታመሙት ነው የመጣው። አላጠብኩትም።"

"ጠዋት አውቀህ ነበር።"

አልጮኸችበትም፤ ዶሮዋን መልሳ አንሶላው ውስጥ ሸፈነችና ሳጥኑን ጎትታ ወደ ውጭ አወጣችው። የእህቱ ልጅ ሕፃኑን ከአልጋው ነጥቃ አቀፈችው፤ ያኔ ነው ሁሉም ያዩት። በሕፃኑ ጉንጭ ላይ፣ አያቱ የዳበሰችበት ቦታ፣ የአውራ ጣት የሚያህል ቀይ ምልክት አለ። ሐኪሙ በያዘው ጨርቅ ሊጠርግለት እጁን ዘረጋ።

"አትንካው!" አለች የእህቱ ልጅ። ሕፃኑን በብርድ ልብስ ጠቅልላ በአጠገቡ እየሮጠች ወጣች።

ጓሮ ሲወጣ እህቱን በበርሜሉ አጠገብ እጇን በሳሙና ስትፈትግ አገኛት። ቀና ብላ አላየችውም። "ልጁን ወደ ሐኪም ቤት እንወስደዋለን" አለች። "ቀለሙን እነግራቸዋለሁ፣ ሁሉንም እነግራቸዋለሁ። አንተ ሂድና ለጎረቤታችን ንገራት። እኔ አልነግርልህም።" ሳሙናው ከእጇ ወደቀ፤ አላነሣችውም።

የጎረቤቷ በር ከአጥሩ ወዲያ ነው። ሐኪሙ ቀዩን ጨርቅ እንደያዘ ሄዶ አንኳኳ። ከውስጥ የልጆች ሳቅና የዶሮ ድምፅ ይሰማል፤ እዚያም ዶሮዎቹ ቤት ገብተዋል። በሩ ሲከፈት ሴትዮዋ ፊቷ በራ። "ውይ፣ ሐኪሙ ራሱ መጣ! ግባ እንጂ፣ ግባ! ሁሉም ቀሉ እኮ፤ እጅህ ይባረክ!" ብላ በሁለት እጇ እጁን ጨበጠችው። ከኋላው፣ ከአጥሩ ወዲህ፣ የእህቱ የእጅ መታጠብ ድምፅ ቆሟል፤ እየሰማችው ነው።

"ሐኪም አይደለሁም" አላት።